ልጋጋሟና የገመዱ ጸጉር

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ ከእርስዎ ጋር፣ ሥራዎም በእጅዎ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። አባቴ ደኅና ነው። እናቴ ከእጇ በስተቀር ደኅና ናት፤ ስለ እጇ ወደ ታች እጽፋለሁ።

እኔ የእናቴ ሁለተኛ ልጅ ነኝ። እርስዎ የእናቴ የአክስቷ ልጅ ስለሆኑ አክስቴ ብዬ ጠራሁዎት። አይተውኝ አያውቁም። እናቴ በላከችልዎት ፎቶ ላይ ከቀሚሷ ጀርባ የተደበቀች፣ አንድ ዓይኗና አንድ ጫማዋ ብቻ የሚታይ ልጅ አለች። እሷ እኔ ነኝ። እናቴ መጀመሪያ «ደውዪላት» ብላኝ ነበር። ስልክ ላይ ግን ድምፄ አይወጣም። አምና ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ሰጥተውኝ ዝም ብዬ ብቆም እሱ «መስመሩ ተቋረጠ» ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ልጻፍ አልኩ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ስሕተት ቢያገኙ ይለፉኝ።

እዚህ ሁላችንም የባሕር ሣር አብቃዮች ነን። ባሕሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ እንጨት እንተክላለን፤ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ እንወጥራለን፤ ገመዱ ላይ ችግኙን በክር እናስራለን። ሲያድግ ቆርጠን ቆጥ ላይ እናደርቀዋለን፤ ገዢው በመኪና ይወስደዋል። ከሣሩ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ አባቴ «የጥርስ ሳሙና» ይላል፤ እናቴ «አይስክሬም» ትላለች፤ ገዢው ደግሞ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ይላል። እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ዘንድሮ ሣሩ ቡናማ እየሆነ ይረግፋል። ገመድ የሚነካ ሰው ሁሉ እጁ ሽፍ ይላል፤ ያሳክከዋል፤ ይቆስላል። የእናቴ ጣቶች አብጠው ክር ማሰር አቅቷታል። በዚሁ ጊዜ ደግሞ ገመዱ ላይ አንድ ነገር በዛ። ርዝመቷ እንደ ትንሿ ጣቴ ነው። ቀንድ አውጣ ትመስላለች፤ ዛጎል ግን የላትም። ራቁቷን ናት። ጀርባዋ ላይ ጣት ጣት የሚመስሉ ብዙ ነገሮች አሉ፤ ውኃው ሲነቃነቅ አብረው ይነቃነቃሉ። ሰዉ «ልጋጋም» ብሏታል። ሣሩን የምትበላው፣ እጅ የምታቆስለውም እሷ ናት ተብሏል።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ስሙ ሌላ ነው፤ ሁላችንም ግን ቶሎቶሎ እንለዋለን። በስብሰባ ላይ «ልጋጋምን የሚያስተኛት ኖራ ነው» አለ። በመጋቢት ትልቁ ጎድል ሲሆን፣ ማለት ባሕሩ ብዙ ሸሽቶ ገመዶቹ ሲጋለጡ፣ ከዳር እስከ ዳር ኖራ ሊበተን ነው። ሁሉም እጁን አወጣ። አባቴም አወጣ። እኔ ስላልተጠየቅኩ አላወጣሁም።

ከዚህ በፊት ከኛ ቀጥሎ ባለው ሰርጥ ኖራ በትነው ነበር። ውኃው ወተት መሰለ። ሸርጣኑም፣ ትንንሹ ዓሣም፣ ስም የሌለውም ነገር ሁሉ ተገልብጦ ዳር ወጣ። ገመዶቻቸው እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ ግማሾቹ ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው ሄደዋል። እኛም እንደነሱ እንዳንሆን እፈራለሁ። ደግሞ ልጋጋሟን ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሣር ስትበላ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ የእርስዎ ሥራ ዛጎል የሌላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች እየለዩ ስማቸውን መናገር ነው አለችኝ። አባቴ «ለዚህም ደመወዝ አለው?» ሲል እናቴ በክርኗ ነካችው። አክስቴ፣ ይህች ምንድን ናት? የምትበላውስ ምንድን ነው?

ጥቂቶቹን ከጤና ጣቢያ በለመንኩት አልኮል ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ልኬአለሁ። የገዢው ሾፌር ከተማ ወስዶ ፖስታ ቤት ይሰጥልናል። እናቴና እኔ በንጹሕ ውኃ ደጋግመን አጥበናቸዋል፤ የተጣበቀባቸውንም ቆሻሻ በመቀስ ቆርጠን ጥለናል። ነውር እንዳይሆንብን ነው።

እናቴ ጓንት ቢገኝ ብላለች። ካልተገኘ ግን ችግር የለም ብላለች።

በሩቁ የማውቅዎት፣
የእናቴ ሁለተኛ ልጅ


ኅዳር 20

በአንድ ዓይንና በአንድ ጫማ ለማውቅሽ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ። የእናትሽን እጅ ይማርልኝ። ለአባትሽ ደመወዝ አለው በይልኝ፤ ብዙም የሚያስቀና አይደለም።

እርስዎ ስትይኝ ስብሰባ የምመራ ይመስለኛል። አንቺ በይኝ። ካልሆነልሽም ቀስ በቀስ።

ጠርሙስሽ በደኅና ደረሰ። ልጋጋሞችሽ ግን የታኘከ ማስቲካ መስለው ነው የመጡት። አትደንግጪ፤ እኔም ስጀምር ያደረግኩት ይኸንኑ ነው። በሕይወት ያለችን ልጋጋም አልኮል ውስጥ ድንገት ብትጥያት ትኮማተራለች፤ ቀንዷንም ጣቷንም ትሰበስባለች። ቀለሟም ይለቃል። ሌላ ጊዜ ከዓሣ መጋዘን በረዶ ለምኚና ውኃዋን ቀስ አድርገሽ አቀዝቅዢው። እንቅልፍ ሲወስዳት ሰውነቷን ዘርግታ ትተኛለች። አልኮሉን ከዚያ በኋላ ጠብ ጠብ ታደርጊበታለሽ።

ቀለሙ በመልቀቁ ግን አትዘኚ። ቀለም ያታልላል። አንዷ ዓይነት የበላችውን እየመሰለች ዛሬ ቢጫ፣ ነገ ቀይ ትሆናለች። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ካናቴራ ስለለበሱ ወንድማማች ናቸው አትይም። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባዋን፣ ቀጥሎ ቀንዷን፣ ከዚያ አፏን እናያለን። መጨረሻ ላይ ምላሷን።

ጀርባዋ ላይ ያሉት ጣቶች ጌጥ አይደሉም። በእነሱ ትተነፍሳለች። ሆዷም ቅርንጫፍ እያወጣ እያንዳንዱ ጣት ውስጥ ይገባል። የበላችውን በጀርባዋ ተሸክማ ነው የምትዞረው ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። እንዲህ ጣት ያላቸው ሁለት ዘመዶች አሉ፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አንደኛዋ የባሕር ሣር ወግታ ጭማቂውን ትመጥጣለች። ሁለተኛዋ ሣር አፏ አይገባም፤ የምትበላው የሚያቃጥሉ ጥቃቅን እንስሳትን ነው። ያንቺዋ የመጀመሪያዋ ከሆነች ቶሎቶሎ እውነቱን ነው፤ ሣራችሁን እየበላችባችሁ ነው። ሁለተኛዋ ከሆነች ግን ኖራው የሚገድልባችሁ ወዳጃችሁን ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከሁለተኛዋ ወገን የበላችውን መርዝ አስቀምጣ መልሳ የምታቃጥልበት አለች። እስክናውቅ ድረስ በባዶ እጅ አትንኪያት።

እዚህ የሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። የትኛዋ የት እንደምትገኝ በነጥብ እናመለክትበታለን። የእናንተ ዳርቻ ላይ አንድም ነጥብ የለም። ባዶ የሆነው ስለሌለ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ስታገኚያት የተቀመጠችው ምን ላይ ነበር? ያ በመቀስ ቆርጣችሁ የጣላችሁት «ቆሻሻ» ምን ነበር? ከፎቶ ይልቅ ሥዕል ላኪልኝ፤ በጥቁር ቀለም፣ ትልቅ አድርገሽ።

ጓንትና የእጅ ማጉያ መነጽር ልኬአለሁ። ጓንቱ ለእናትሽ ነው፤ መነጽሩ ያንቺ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 18

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጓንቱ ደርሶ እናቴ አድርጋው እንኳን ገመድ ላይ፣ ቤት ውስጥም አላወልቅም ስትል አባቴ ሳቀባት። መነጽሩን አንገቴ ላይ በክር አስሬዋለሁ። እርስዎ አንቺ በይኝ ብለዋል፤ እየሞከርኩ ነው።

ለጥያቄዎ መልሱ ያሳፍረኛል። የቆረጥነው ነገር የገመዱ ጸጉር ነው። ገመዱ ላይ እንደ ድመት ጸጉር ያለ፣ ፈዛዛ ቡናማ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይበቅላል። ዱሮ በትንሹ ነበር፤ ዘንድሮ ገመዱን እንደ ሹራብ አልብሶታል። ደለል ይይዛል፤ ሣሩንም ይሸፍነዋል። ልጋጋሟ ሁልጊዜ የምትቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ስናነሣት ጸጉሩ ከአፏ ጋር ተያይዞ መጣ። እናቴ «ባሕር ማዶ ላለ የተማረ ሰው ከነቆሻሻዋ ትላካለች? ምን ይሉናል?» አለች። እኔም በመቀስ ከከንፈሯ ሥር ቆረጥኩት። ምሳ እየበላች ያለችን ሰው አፏን ጠርጌ እንደሸኘሁ የገባኝ ደብዳቤዎን ሳነብ ነው።

አሁን በማጉያው በደንብ አይቻታለሁ። ሣሩ ላይ የተነከሰ ቦታ የለም። ልጋጋሟ ግን ጸጉሩ ውስጥ ጭንቅላቷን ትቀብርና ትቆያለች፤ ስትነሣ የነበረችበት ቦታ ገመዱ ራቁቱን ይቀራል።

ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ገመድ እየፈታ ሰማኝና «ለኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል? ለቶሎቶሎ ንገሪው» አለኝ። ሄድኩ። ቶሎቶሎ ቆጡ ሥር ሆኖ የደረቀ ሣር ጆንያ ውስጥ እየረገጠ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

በመነጽሩ ክር መጫወት ጀመርኩ።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«እሺ ምን አለ? ቶሎ በይ እንጂ! እኔ ስንት ሥራ አለብኝ!»

«ምንም» አልኩት።

«ምንም ብለሽ ንገሪው ብሎ ላከሽ?» አለና ሳቀ። አጠገቡ ጆንያ የሚሰፉትም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ሮጥኩ። ቤት ስደርስ አባቴ ምንም አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ።

ኖራው ታዝዟል ይባላል።

ሥዕሉን በስኳር ጆንያ ወረቀት ጀርባ ሠርቼ ልኬአለሁ። ቀንዶቿ ላይ ቀለበት ቀለበት የሚመስል ነገር አለ፤ ግን ማጉያው ይሁን እሷ እርግጠኛ አይደለሁም። ሥዕሉን አይተው ይንገሩኝ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 27

ዝሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ከሥዕሉ ጋር በላከችልኝ ማስታወሻ ዝሜ ብላ ስለጠራችሽ እኔም ጠራሁሽ፤ ዝም ከማለት የመጣ ከሆነ እኔም ዘመድሽ ነኝ። ብርዱ እዚህ ከባድ ነው። ደኅና ነኝ።

ሥዕልሽ ደርሷል። ውብ ነው።

ከእንግዲህ ግን ሥዕል አትላኪ። በቃል ጻፊልኝ። እያንዳንዱን ነገር እንደማታውቀው ሰው ቤት፣ ከበር ጀምረሽ እስከ ጓዳ ንገሪኝ። ፊደልሽንም ትልቅ አድርጊው።

ያ ጸጉር ተክል አይደለም። እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ጫፍ አፍ አለው፤ እጅ ሲነካው ይናደፋል። ይህን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምነግርሽ። ልጋጋሟ ትበላዋለች ብዬ ለመማል ግን ምላሷ መታየት አለበት። እሱ አይዋሽም። ሣር የምትመጥጠው ጥርሷ እንደ መርፌ ልሙጥ ነው። እንስሳ የምትበላው ጥርሷ ማበጠሪያ ይመስላል።

እንዲህ አድርጊ። አንዷን በበረዶ አስተኝተሽ፣ ጭንቅላቷን ከነጉሮሮዋ በምላጭ ቁረጪ። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ በረኪና ጠብ አድርጊና ክተቺው። ሥጋው ሟሙቶ ያልቃል። ምላሷ አይሟሟም፤ እንደ ክር ቅዳጅ ታች ትቀመጣለች። እሷን በንጹሕ ውኃ እጠቢያት፤ አሁን ማጠብ ይፈቀድልሻል። ለእጅ ማጉያ በጣም ትንሽ ናት። ጤና ጣቢያችሁ ማይክሮስኮፕ አለው?

እዩልኝ ብለሽ መጠየቅ ይኖርብሻል። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

አክስትሽ


የካቲት 16

ለአክስቴ፣

ሰላም ይብዛልሽ። አሁን አንቺ ልልሽ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያለሽ።

እንዳልሽው አደረግኩ። በረኪናውን ሳዘጋጅ እናቴ ልብስ ላጥብ መስሏት የአባቴን ሸሚዝ አምጥታ ሰጠችኝ። ልጋጋሟን ስቆርጥ ይቅር በይኝ አልኳት። ሥጋው ቀስ በቀስ እንደ ጉም ጠፋ። ታች የቀረችውን ክር ለማግኘት ብርጭቆውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ፈለግኩ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ መስኮት ፊት ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሰው አሳለፍኩ። እንደገና ሲደርስ እንደገና አሳለፍኩ። በመጨረሻ ሰው አለቀ፤ የማሳልፈው ጠፋ።

«ሰገራ ነው ሽንት?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ምላስ» አልኳት።

ቀና አለች። «የማን?»

«የልጋጋም።»

ብርጭቆውን አየች፤ እኔን አየች። «ታመመች?»

«አይ… ምን እንደምትበላ ለማወቅ ነው። አክስቴ ናት ያለችኝ። ኖራው ሳይበተን።» ከዚህ በላይ ቃል አልወጣልኝም። እሷ ግን በሩን ከፈተችልኝ። ባሏ ገመድ ላይ ነው የሚሠራው፤ ሌሊት እጁን ሲያክ እንደማያስተኛት ነገረችኝ። መስታወት ላይ አድርጋ አስተካክላ መጀመሪያ ራሷ አየች። «ውይ!» አለችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

አክስቴ፣ በቃል ልንገርሽ። አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ዚፕ። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ፈረስ ኮቴ ጠመም ያለ ነው። በመካከሉ አንድ ረዘም ያለ ሹል አለው፤ በግራና በቀኝ ደግሞ አጠር አጠር ያሉ ሹሎች ተደርድረዋል። ልሙጥ አይደለም። ባለሙያዋን «ይህ መርፌ ነው ማበጠሪያ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኸረ ማበጠሪያ ነው! ለኔ ጸጉር ይበቃል» አለች።

እኔም ማበጠሪያ ነው እላለሁ። ግን አንቺ በይ። ስብሰባው በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጎድሉ ከመድረሱ በፊት ነው። የኖራው ጆንያዎች መጋዘን ገብተዋል፤ አይቻቸዋለሁ።

አሁን ሌላውን ልጠይቅሽ። የመጀመሪያዎቹ ልጋጋሞች አንቺ ዘንድ ናቸው። ማይክሮስኮፕ አንቺ ዘንድ አለ። ምላሳቸውን ራስሽ ማየት ትችዪ ነበር። ስለ ቀለበቶቹም ስጠይቅሽ ሥዕሉ ውብ ነው ብቻ አልሽ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ መስመሮቹም አንዱ አንዱ ላይ ወጥቷል። ለእናቴ ሳነብላት ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችውና አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ። ይህን ፊት ለፊት ብንሆን አልጠይቅሽም ነበር።

ዓይንሽ ደኅና ነው?

ዝሜ


የካቲት 30

ዝሜ፣

መጀመሪያ ያንቺን ልመልስ፤ እሱ መዘግየት የለበትም። ማበጠሪያ ነው። ረድፉም፣ ረዘም ያለው መካከለኛ ሹልም፣ ጠመም ማለቱም ልክ ነው። ሣር አትበላም። ጸጉሩን ነው የምትበላው፤ እጃችሁን የሚያቆስለውም ጸጉሩ ነው። ሣሩ ቡናማ የሆነው ለምን እንደሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አላውቅም። ጸጉሩ ብርሃን ስለከለከለው ይመስለኛል፤ ከመሰለኝ አልፌ አልናገርም። ሌላ የዚህ ሙያ ሰው ብትጠይቂም ይህንኑ ይልሻል። ይህን ደብዳቤ ለቶሎቶሎ ስጪው፤ ከተነበበ አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም። በጊዜ እንዲደርስሽ እመኛለሁ።

አሁን የኔን። ዓይኔ ከመካከሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩ አለ። ሰው ሲመጣ ጆሮውንና ትከሻውን አያለሁ፤ ፊቱ ባለበት ቦታ ግን ጭጋግ ነው። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ደግሞ ያለው መካከል ብቻ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ለመሥሪያ ቤቴ ሳልናገር ብዙ ቆየሁ። ጠርሙስሽን ስከፍት ማስቲካ መሰሉኝ ያልኩሽ በጣቴ ዳስሼ ነው። ሥዕልሽ ጥቁር ነገር መሆኑን አይቻለሁ። ውብ ነው ያልኩት ወረቀቱ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሽ ጣቴ ስለነገረኝ ነው፤ እስክሪብቶውን በጣም ትጫኚያለሽ።

በዚህ ሳምንት የሥራ ክፍሌን ቁልፍ አስረከብኩ። ባልደረቦቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አበባ ገዙልኝ። ካርታው ግድግዳው ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ይቀጥልበታል። እኔ ከእንግዲህ ስም የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ የምሰማ ሴት ነኝ። ደብዳቤሽን በትልቅ ማጉያ ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። ለእናትሽ ግን አታጋንኚባት። ምግብ አበስላለሁ፤ ደረጃም እወርዳለሁ።

ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም።

አክስትሽ


መጋቢት 19

አክስቴ፣

ይህን በወፍራም እስክሪብቶ፣ በየገጹ ጥቂት መስመር ብቻ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀቱ ብዙ ስለሆነ ፖስታው ወፍሮ ሾፌሩ «ንብረት ነው የምትልኪው?» አለኝ። ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለዓይንሽ ዳርቻ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ስብሰባው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያለ አንቺ ሆነ።

ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ነበር፤ ጆንያዎቹ ከጀርባ ተደርድረዋል። ቶሎቶሎ «ነገ ጎድል ነው፤ ማን ከየት ይጀምር የሚለውን እንወስንና እንበተን» አለ። አባቴ ተነሥቶ «ልጄ የምታሳየው ነገር አለ» ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ እንደሚል አልነገረኝም ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ ሳፋ ይዤ ነበር፤ ውስጡ ልጋጋሟና ጸጉር ያለው የገመድ ቁራጭ። ስትበላ ያዩዋታል ብዬ ነው።

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከበቡን። ልጋጋሟ ተጠቅልላ ተኛች።

«እሺ?» አለ ቶሎቶሎ።

«ትበላለች» አልኩ።

«መቼ?»

«…ስትፈልግ።»

ሳቁ። በሰርጡ ጫፍ ገመድ ያላት ሴትዮ፣ ዘንድሮ ከሁሉም በላይ የተጎዳችው እሷ ናት፣ «ልጄ፣ እንግዳ ፊት አትበላም እንዴ? ካንቺ ጋር አንድ ናት» አለች። ይህኛው ሳቅ መጋዘኑን ሞላው። ከዚያ ግን ድምጿ ተለወጠ፤ «እኔ የትምህርት ቤት የምከፍልላቸው ልጆች አሉኝ፤ እጄን ተመልከቱት» ብላ የቆሰለ እጇን አሳየች። ያኔ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ማበጠሪያ፣ ጥርስ፣ ዚፕ፤ ቃላቱ አሉ፤ አይወጡም። ስለዚህ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ልጋጋሟን አንሥቼ የግራ ክንዴ ላይ አስቀመጥኳት። እስክናውቅ በባዶ እጅ አትንኪያት ብለሽኝ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናቴ «ኸረ በሕግ!» ብላ ተነሣች። ከዚያ ጸጉራሙን ገመድ ወስጄ የቀኝ ክንዴን አሸሁት።

«ይህች ምን ሆናለች?» አለ ቶሎቶሎ።

«ጠብቁ» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ ራሴም ሰማሁት።

ጠበቁ። ቶሎቶሎም ጠበቀ። አንድ ሰው ወንበር አመጣልኝ። ልጋጋሟ ክንዴ ላይ ቀስ ብላ ተዘረጋች፤ ቀዝቃዛ ናት፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ቀኝ ክንዴ ግን መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ከዚያ እሳት ሆነ። ነጭ ነጭ እብጠት ወጣበት፤ ዙሪያው ቀላ። ላለማከክ ጥርሴን ነከስኩ። የጫፏ ሴትዮ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ቀኜን፣ ቀጥሎ ግራዬን፣ ከዚያ የራሷን እጅ አየች።

«ይኸኛው ነው» አለች። «የኔ እጅ ይኸኛው ነው።»

«እና ልጋጋሟ?» አለ ቶሎቶሎ።

«ጸጉሩን ትበላለች» አልኩ። «ይህ ጸጉር እንስሳ ነው። ገመዱን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። እሷን በኖራ ከገደላችኋት ማን ይበላዋል?»

ብዙ ተከራከሩ። ጎድሉ ሊያልፈን ነው የሚል ነበር፤ ልጅ ሰምተን እንዴት እንተዋለን የሚል ነበር። በመጨረሻ ኖራው እስከሚቀጥለው ቆረጣ ይቆይ ተባለ። እስከዚያ ጸጉር የያዘውን ገመድ እያነሣን ፀሐይ ላይ ልናደርቅ ነው፤ ልጋጋሞቹን መጀመሪያ ለቅመን። ጆንያዎቹ አልተመለሱም፤ እዚያው አሉ። ሣሩ ካላገገመ ቶሎቶሎ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው፤ እሱም ነግሮኛል። አንቺም ከመሰለኝ አላልፍም ብለሻል፤ ሳነበው ፈራሁ። ግን አልዋሸሽኝም።

ክንዴ ድኗል። እናቴ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በአራተኛው ጓንቷን ሰጠችኝ።

አሁን ስለ ቁልፉ። ስም የምናገር ሰው አይደለሁም ብለሻል። ከስብሰባው ወዲህ ሰዎች በጣሳም በኩባያም ያገኙትን ይዘው ቤታችን ይመጣሉ። «ይህችስ ምን ትበላለች?» ይሉኛል። አላውቅም ማለት ደክሞኛል። ትናንት ቶሎቶሎ ራሱ አንዷን በሻይ ብርጭቆ ይዞ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ተቀመጠ። ዓይን እዚህ አለ፤ ብዙ ነው። የሚጎድለን የሚጠይቅ ሰው ነው። አንቺ እንደምትጠይቂው መጠየቅ የሚችል እዚህ የለም።

ቶሎቶሎ ያመጣትን ይህችን ስሚኝና ንገሪኝ። በጫፉ ገመድ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ነው የተገኘችው። ርዝመቷ እንደ አውራ ጣቴ ነው፤ ጠፍጣፋ ናት። ጀርባዋ ላይ ጣት የላትም፤ ሻካራ ነው፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ። ከኋላዋ፣ ወደ መጨረሻው፣ ላባ የሚመስል ነገር ክብ ሠርቶ ቆሟል። ብርጭቆውን ሳንኳኳ ላባው በሙሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ቆይቶ መልሶ ወጣ። ከፊት ሁለት ቀንድ አላት። የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ቢጫ ሰፍነግ አለ፤ አላጠብኩትም።

ዝሜ


ሚያዝያ 11

ዝሜ፣

ሰላምታውን በሌላ ጊዜ፤ ሾፌሩ ሳያመልጥሽ ፖስታው ቶሎ እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

ሰፍነጉን ገልብጪው፤ የተጋጠ ቦታ አለው? ላባው ስንት ቅርንጫፍ ነው? አንዱን መነሻ አድርገሽ ዙሪያውን እየዞርሽ ቁጠሪ። ሆዷን ከሥር በብርጭቆው በኩል እይው፤ ከአፏ በታች እግሯ ለሁለት ተሰንጥቋል? እንቁላል ከጣለች ሪባኑ በየት በኩል እንደሚዞር ጻፊልኝ።

ቶሎቶሎም ከየት እንዳነሣት በትክክል ያሳይሽ። እዚህ የቀድሞ ክፍሌ ደውዬ አዲሱን ሰው «እስክነግርህ ድረስ ካርታው ላይ እዚያ ዳርቻ ጋ ምንም ነገር እንዳትለጥፍበት» ብዬዋለሁ። ማን ነሽ አላለኝም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን፦ ቀንዶቿን በጭድ ጫፍ ስትነኪያቸው እንደ ላባው ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ ወይስ ዝም ብለው ይታጠፋሉ?